ከበደሳ ለበዴሳ

ኢትዮጵያ ሁለት በዴሳ አላት። አንደኛዋ ሐረርጌ፣ ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ፣ በቡናና በጫት አገር ያለችው ናት፤ በጽሑፍ ብዙውን ጊዜ «በደሳ» ትባላለች። ሁለተኛዋ ከወላይታ ሶዶ በስተምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ አቅጣጫ የምትገኘው የዳሞት ወይዴዋ በዴሳ ናት። እኔ የሁለተኛዋ ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጂኦግራፊ አስተማሪነት አምሮኝ አይደለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል የተንከራተተ ሰውም፣ ደብዳቤም፣ አንድ በግም ስላለ ነው።

የአባቴ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። አድራሻው ግን ዕረፍት አልነበረውም። ደብዳቤ መጻፍ ስጀምር ፖስታው ላይ የማሰፍረው «ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ወላይታ አውራጃ» እያልኩ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ሰሜን ኦሞ ሆንን። ከዚያ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መጣ፤ ይህ ስም ብቻውን ፖስታውን ሞልቶ ለተቀባዩ ስም ቦታ አያስተርፍም ነበር። በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተብለን ሶዶ የክልሉ መቀመጫ ሆነች። አባቴ ይህን የመጨረሻውን ሳያይ አረፈ እንጂ አስተያየቱን አውቀዋለሁ። አንድ አድራሻ በተለወጠ ቁጥር «እኔ ከዚህ ከእንሰቱ ጓሮ አልወጣሁም፤ ይሄን ሁሉ አገር የሚያዞረኝ ማነው?» ይል ነበር።

ጸሐፊ የሆንኩት ወድጄ አይደለም፤ ተሹሜ ነው። ሹመቱን የሰጠችኝ አክስቴ ነች። በኛ አገር ሰው ብዙ፣ መሬት ጥቂት ነው። የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል፣ ለልጅ ልጆች ሲሸነሸን፣ ለአንዱ የሚደርሰው እንሰት ተክሎ ላም ለማሰር እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ወጣቱ ወይ ወንጂ ወይ መተሐራ፣ ሸንኮራ ሊቆርጥ ይሄዳል። የአክስቴ የበኩር ልጅ ወንጂ ሄደ። እኔ ፊደል ለየሁ። በዚያው ሰሞን አክስቴ የደብተሬን መካከለኛ ገጽ ገንጥላ ፊቴ አስቀመጠችና «ጻፍ» አለችኝ።

እሷ የምትናገረው በወላይትኛ ነው። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት አማርኛ መጻፍ ነው። አክስቴ ከጣሪያው ማፍሰስ ትጀምራለች፤ ወደ ጎረቤቷ ፍየል ትሻገራለች፤ ፍየሏ የበላችውን ጎደሬ ትቆጥራለች፤ ከዚያ የሟች ባሏን ደግነት አንስታ ታለቅሳለች። ወረቀቱ ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ያውም የኔ ደብተር። ከዚያች አንድ ገጽ ደግሞ ግማሹን የሚበላው ሰላምታው ነው። «ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ካልተባለ ደብዳቤው እንደ ደብዳቤ አይቆጠርም። ስለዚህ ጣሪያው፣ ፍየሏና ሟቹ ተጠቃለው «የሰፈር ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሃል» ይሆናሉ።

ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «እስቲ አንብብልኝ» ትላለች። እኔም ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘርግቼ ጣሪያውንም፣ ፍየሏንም፣ የጎደሬውንም ቁጥር በወላይትኛ አንድ ሳላስቀር በቃሌ አወርድላታለሁ። አክስቴ ወረቀቷ ትንሽ ሆና ይህን ሁሉ መያዟ እየገረማት የተቀቀለ ስኳር ድንች ትሰጠኛለች። ብር የሚጠየቅበት ደብዳቤ ከሆነ ክፍያው እንቁላል ነው። ልብ ወለድ የሚባለውን ነገር የጀመርኩት እንግዲህ ያኔ ነው፤ ክፍያውም እስካሁን ከዚያ ብዙ አልተሻሻለም።

ነሐሴ ሲገባ ፋታ የለኝም። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። ለእሱ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶቹ ለበሬ መግዣ እየተደራጁ ገንዘብ ያዋጣሉ። አገር ለቆ የሄደ ልጅም ለጊፋታ ይጠበቃል። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ መልእክታቸው አንድ ነው፤ ና፣ ባዶ እጅህንም አትምጣ። አክስቴማ «የበሬውን መዋጮ ካልላከ ልጄ ነው አልልም በልልኝ» ትል ነበር። እኔ በተፈጥሮዬ አፋር ስለነበርኩ «የበሬ መዋጮ ደርሶብናል፤ አንተ ግን አትጨነቅ» ብዬ አለዝበዋለሁ። የሚገርመው ነገር ብሩ በሳምንታት ውስጥ ከች ይላል፤ አብሮት ይቅርታ የሚለምን፣ የድንጋጤ ብዛት ያለበት ደብዳቤ ይመጣል። ለስላሳ አጻጻፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አየሁ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እንጀራዬ ሊዘጋ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ወላይትኛ ቀድመው ከተመረጡት ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ በኋላ የዘመቻው ቋንቋዎች 15 ደረሱ። ማስተማሪያው መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ወላይትኛ ነው። አያቴ ከሌሎቹ ባልቴቶች ጋር በፋኖስ ብርሃን እየተማረች ፊደል ለየች፤ የምስክር ወረቀቷንም እንግዳ በሚቀመጥበት ትይዩ ሰቀለችው። ዘመቻውን ዩኔስኮም ሸልሞታል። አያቴ ሽልማቱ የመጣው በሷ ምክንያት ነው ብላ የምታምን ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን የተጻፈ ነገር ሁሉ አደጋ ላይ ወደቀ። የሳሙና መጠቅለያ፣ የጆንያ ጽሑፍ፣ የግድግዳ ጋዜጣ፣ ሁሉንም ትቆጥራለች። አንድ ቀን የአክስቴን ደብዳቤ ከእጄ ነጠቀችና ማንበብ ጀመረች። የተማረችው ወላይትኛ ማንበብ ነው፤ ደብዳቤው አማርኛ ነው። ድምፁን አንድ በአንድ ታወጣዋለች፤ የምትለው ግን እምብዛም አይገባትም። ሆኖም ስም በየትኛውም ቋንቋ ስም ነው። ከላይ እስከ ታች ወርዳ ቀና አለችና «ደስታ የታለች?» አለችኝ። ደስታ የአክስቴ ላም ናት። አክስቴ ስለ ደስታ ግማሽ ቀን አውርታለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልተገኘችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የላሟን ስም የማስገባት ግዴታ ተጣለብኝ። አያቴ ስሟን አግኝታ በጣቷ ካልነካችው ፖስታው አይታሸግም። ቦታ ለመቆጠብ ስል ታዲያ «ደስታም ደህና ናት» ብዬ አልፋለሁ። ላም መሆኗን የሚገልጽ ቃል አልጨምርም፤ ቃል ወረቀት ይበላል።

በዚያ ዘመን በሰፈራችን ሬዲዮ ያለው አንድ ጎረቤት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ የደጃፉ ሣር ሰው ተቀምጦበት መላጣ ሆነ። አማርኛ የማይሰሙትም መጥተው ድምፁን ብቻ ይሰሙ ነበር። አባቴ ግን ጥርጣሬ ነበረው። «ሁለቱ ፍቅረኞች ብቻቸውን እልፍኝ ውስጥ ያወሩትን ደራሲው ሐዲስ የት ተቀምጦ ሰማው?» ይላል። አስቦ የጻፈው ነው አልኩት። «እንዲያ ከሆነ ውሸት ነዋ! አንተ ስትዋሽ አለንጋ አነሳለሁ፤ እሱ ሲዋሽ አገር ጸጥ ብሎ ያዳምጠዋል?» አለኝ። እኔም በዚያች ቅጽበት ምን መሆን እንደምፈልግ ወሰንኩ።

አስተማሪ ሆንኩ። በዚያን ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣ ሰው የሚመደብበትን ቦታ የሚያውቀው በዕጣ ነው። እጄን ሰድጄ ያወጣኋት ብጣሽ ወረቀት «በደሳ» ትላለች። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። አባቴ ልጁ ደጁ ላይ በመመደቡ በግ አረደ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የምርቃቱ ብዛት ለሚቀጥለው ዓመትም የሚተርፍ ነበር። ስጋው ካለቀ በኋላ አንድ ዘመዳችን የምደባ ደብዳቤውን ገልብጦ ሲያይ ከታች «ሐረርጌ ክፍለ ሀገር» የሚል አገኘ። ሁሉም አባቴን አየ። አባቴ አጥንቶቹን አየና «በጉ ተበልቷል፤ እንግዲህ መሄድህ አይቀርም» አለ።

እናቴ ለመንገድ ያሰናዳችልኝን ሳስብ የተመደብኩት ጨረቃ ላይ ይመስለኛል። ቆጮ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ በጠርሙስ የታሸገ ዳጣ። የወላይታ ዳጣን ለማያውቅ ሰው፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ አብሮ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው፤ ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚበላ፣ እንባና ሳቅ አንድ ላይ የሚያመጣ ነገር ነው። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ከሶዶ ተነስቶ ቦዲቲን፣ ሾኔን፣ አላባ ቁሊቶን አለፈ። ረዳቱ ትራፊክ ፖሊስ ባየ ቁጥር «ትርፎች ዝቅ በሉ!» ይላል፤ ዝቅ ስንል እኔ ዳጣው ላይ ዝቅ አልኩ። ክዳኑ ተፈናጠረ። ለጥቂት ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ ከሳልና ከማስነጠስ በስተቀር የሚሰማ አልነበረም። ሻሸመኔ ለምሳ ስንወርድ ግን ከኋላ ወንበር የነበሩ ሰዎች የተረፈውን ጠርሙስ በዓይናቸው እየተከተሉ ሥጋ ቤት ድረስ አጀቡኝ። ስንመለስ ጠርሙሱ ባዶ፣ እኔም ዘመደ ብዙ ነበርኩ። የመንገድ ወዳጅነት በምን እንደሚጀመር ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ የምመልሰው ያንን ነው።

በዝዋይና በሞጆ አድርገን ናዝሬት ደረስን። ወንጂ ከናዝሬት ቅርብ ነው። የአክስቴን ልጅ ሳላይ አላልፍም ብዬ ቅቤውን ይዤ ወረድኩ። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የሆላንዶች ሥራ ነበር፤ እኔ ስደርስ ከተወረሰ ዓመታት አልፈውታል። እንደ ባሕር የተንጣለለ አገዳ፣ ከተቃጠለው ማሳ የሚነሳ ጥላሸት፣ ከሁሉ በላይ የሚከብድ የጣፋጭ ሽታ። የአክስቴ ልጅ ገጀራውን አስቀምጦ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ከፊደል ጋር እስከዚያ ቀን አልተዋወቀም። ደብዳቤዎቹን የሚያነብለትና መልሱን የሚጽፍለት አንድ ጎልማሳ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር፤ የሸዋ ሰው፣ መነጽሩን በክር ያሰረ።

«አንተ ነህ ጸሐፊው?» አለኝ ከእግር እስከ ራሴ እየቃኘ። «እጅህ ጥሩ ነው። ልብህ ግን ልፍስፍስ ነው።»

«ምነው ጋሼ?» አልኩት።

«‹አትጨነቅ› እያልክ ትጽፋለህ። የደመወዝ ቀን ላይ ‹አትጨነቅ› የተባለ ሸንኮራ ቆራጭ ብሩን የት የሚያደርሰው ይመስልሃል? ጠላ ቤት ነዋ!»

«ታዲያ ምን ብለው አነበቡለት?»

«‹ካልላክ ልጄ አይደለህም› ብዬ።»

ያቺ አክስቴ ያለችው፣ እኔ ያለዘብኩት ቃል በኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ በማያውቃት ሰው አፍ ተመልሳ ቀጥ አለች። ለስላሳው አጻጻፌ ያመጣው መስሎኝ የኮራሁበት ብር ሁሉ የዚህ ሰውዬ ሥራ ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሰውየው ወንድሜን፣ የአክስቴን ልጅ ማለቴ ነው፣ ራቅ ብሎ እንዲቆይ በምልክት ካዘዘው በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስለ ልጅቷ ነው። በሰኔው ደብዳቤ ላይ ‹ደስታ ወልዳለች› ብለህ ጽፈሃል። አላነበብኩለትም። ልጁ ገጀራ የሚይዝ ሠራተኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት ይነገረዋል? ለመሆኑ ከማን ነው የወለደችው?»

ላሟ የተገዛችው ወንድሜ አገር ከለቀቀ በኋላ ነው። ሁለቱ ሰዎች በየወሩ «ደስታም ደህና ናት» የምትለውን መስመር እየደጋገሙ እናቱ ያጨችለት ልጅ ናት ብለው ደምድመዋል። ወንድሜ ከደመወዙ እየቆጠበ ለሠርጉ ያስቀምጣል። ማታ ላይ ከፍራሹ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ «ለደስታ ስጥልኝ» አለኝ። አበባ ያለበት ሐር ሻሽ ነበር።

እውነቱን ነገርኩት። የሰዓት ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ወንድሜ ሻሹን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ስንት ትታለባለች?» ሲል ጠየቀኝ።

ሐረርጌዋ በደሳ በደንብ ተቀበለችኝ። እዚያ ሆኜ የራሴን ደብዳቤ ለቤተሰቤ ስጽፍ አንባቢው ታናሽ ወንድሜ ሆነ። እኔ አራት ገጽ እጽፋለሁ፤ እሱ ኳስ ጨዋታ ስላለበት «ደህና ነኝ ይላል» ብሎ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ሰው የዘራውን ያጭዳል ብለው ይሳለቁብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ለኔ ደብዳቤ ሲያስጽፍ ወንድሜ ፖስታው ላይ «በደሳ» ብሎ «ሐረርጌ»ን ዘለለው። ደብዳቤው ሩቅ ሳይሄድ ሰንብቶ ወደዚያችው ወደኛዋ ከተማ ተመለሰ። አባቴ ደብዳቤ መጥቷል ሲባል ደስ ብሎት ተቀመጠ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ሰላምታውን ዘልሎ ከመሐሉ አነበበለት፤ ዝናቡ ዘግይቷል፣ በቆሎው አልያዘም፣ እግሬን ያመኛል። አባቴ እያንዳንዷን ቃል በጭንቅላቱ ንቅናቄ እየተቀበለ አዳመጠና «ይሄ ልጅ ሐረርጌም ሄዶ ሐሳቡ ከኔ አልራቀም፤ ደሞ በዚህ ዕድሜው እግሩን ማመም ጀመረው?» አለ። የእግር መድኃኒት ቅጠል ተላከልኝ።

ለማንም የማይላክ ነገር መጻፍ የጀመርኩት እዚያው ነው። የመስፍን ሀብተማርያም የቡና ቤት ስዕሎች እጄ ገብቶ ነበር፤ ስለ ተራ ነገር፣ ስለ ሻይ ቤት ወሬና ስለ ሰው አመል እየጻፉ መኖር እንደሚቻል ያየሁት በሱ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጽሑፌ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ለዕረፍት ስመጣ ለእናቴ ወስጄ አሳየኋት።

«ለማን ነው የጻፍከው?» አለች።

«ለሁሉም ሰው ነው፣ እማዬ።»

«ሁሉም ሰው የት ነው የሚኖረው?» ጋዜጣውን ገለባብጣ አየችው። «መልስ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ብር ጠየቅህበት?»

«አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» አለችና ቡናውን ወደ ማፍላቱ ተመለሰች። በዚህ ሥራ ላይ ከተሰጡ ሂሶች ሁሉ ልመልሰው ያልቻልኩት ይህንን ነው። ብቻ አሁንም ብዕር ባነሳሁ ቁጥር አንድ የተወሰነ ሰው ካልታየኝ እጄ አይንቀሳቀስም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየኝ መነጽሩን በክር ያሰረው የወንጂው ሰውዬ ነው።

ጽሕፈት በኛ አገር ሁልጊዜ የሳቅ ጉዳይ እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ የተዘጋጀ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ላይ ሕዝብ ተነሳ፤ ሰው ሞተበት። መጻሕፍቱ ተነሱ። ስለ ሆሄና ስለ ቃላት የሚከራከሩ ምሁራን ባየሁ ቁጥር ያ ዓመት ትዝ ይለኛል፤ ቀልዴንም ትንሽ ገታ አደርጋለሁ።

ዛሬ ወላይትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አያቴ ከማለፏ በፊት የልጅ ልጇን ልጅ ደብተር አንስታ ልታነብ ስትሞክር አይቻለሁ። አገላበጠችው፣ አዘቀዘቀችው፣ መልሳ አቀናችው። ልጁ ሲያነብላት የገዛ ቋንቋዋ ነው፤ ፊደሉ ግን ባዕድ ሆነባት። እሷም በተራዋ የድሮ የመሠረተ ትምህርት መጽሐፏን አውጥታ ሰጠችው፤ እሱ አማርኛ መስሎት ሊያነብ ጀመረና መሐል ላይ ወላይትኛ ሆኖ ሲያገኘው ደነገጠ። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ተማር እያሉ እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። ግድግዳው ላይ ያለው የምስክር ወረቀት በክርክሩ ውስጥ በማስረጃነት ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል።

ደብዳቤ አሁን ቀርቷል። የወንጂው ወንድሜ ጡረታ ወጥቶ በዴሳ ተመልሷል፤ ለልጆቹ በስልክ ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ማንም አያሳጥርበትም፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ማሳጠር አይወድም። ሻሹን ሚስቱ ለጊፋታ ትለብሰዋለች። እንዴት እንደተገዛ አላወቀችም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብላት ሰው ካለ እንግዲህ እሱ እንደ ሰዓት ተቆጣጣሪው ይወቅበት።

እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ከማሳተሜ በፊት ይህን ሁሉ በስልክ አነበብኩላት፤ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዛላት ነበር። ቃል ሳልዘል አነበብኩ። ስጨርስ አልሳቀችም።

«ዳጣው ላይ ዝንጅብሉን ረስተሃል» አለች። «ሰው ምን ይለኛል?»

አስገባዋለሁ አልኳት።

«አክስትህም ግማሽ ቀን አላወራችም። ምግብ ሳትሠራ ግማሽ ቀን የምታወራ ሴት አድርገህ አታውራባት።»

እሺ አልኳት።

«በጉንም ቢሆን አባትህ ላንተ ብሎ አይደለም ያረደው። በጉ ታሞ ነበር። ሊሞት ነው ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ምክንያት ሲፈልግለት ነው ያንተ ዕጣ የመጣችለት።» ትንሽ ዝም አለችና ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ይሄን ግን እንዳትጽፈው፤ የበሉት ጎረቤቶች ገና በሕይወት አሉ።»